ሦስት ኢንች የማይሞላ ሰንጢ

ቁጥር፦ ክ/በ/01/17
ሮቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለወ/ት ረድኤት ፍቅረሥላሴ
ሼፊልድ፣ እንግሊዝ

ጉዳዩ፦ የኪስ ሰንጢ እንዲመረጥልኝ ስለመጠየቅ

ለሩቅ ዘመዴ፣ ለቅርብ ልጄ ለረድኤት፤

ጤናሽ እንደ ሳነቴ ምንጭ የጠራ፣ ዕድሜሽ እንደ መዝገብ ቤት አቧራ የማያልቅ ይሁን። እኔ፣ ባለቤቴ የሺሃረግና ጉልበቴ ደኅና ነን፤ ከሦስታችን የሚያማርረው ጉልበቴ ብቻ ነው።

ያባትሽ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ይህ ዝምድና ለሠርግ ጥሪ ይበቃል፣ ለውርስ አይበቃም፤ ለሰንጢ ይበቃ እንደሆነ እነሆ ልሞክረው ነው። ቢላና ሰንጢ ከሚሸጥ ሱቅ እንደምትሠሪ እናትሽ በኩራት ነግራኛለች። በስልክ ልጠይቅሽ እችል ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ቁጥርና ቀን የሌለውን ነገር እንደተባለ አይቆጥረውም። ደግሞም ስልክ ሳወራ የሺሃረግ ትሰማለች።

የምፈልገው በየቀኑ ኪሴ የምይዘው ሰንጢ ነው። ብርቱካን ልልጥበት፣ እርሳስ ልቀርጽበት፣ የፖስታ አፍ ልከፍትበት። ጡረታ የወጣ ሰው የሚቆርጠው ነገር ይበዛል።

የአገሩን ወሬ ከፈለግሽ፣ ስንዴው ዘንድሮ ያምራል። ባጃጁ በዝቶ የጋሪ ፈረሶች መንገድ አጥተዋል። ደጀኔም ተፈትቶ መጥቷል። ደጀኔን አታውቂው ይሆናል፤ መዝገብ ቤት ረዳቴ የነበረ፣ በጠፋ ፋይል ምክንያት ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ልጅ ነው። አሁን ልጅ አይደለም። ከደጄ ፊት ለፊት፣ ከጤቤ ፀጉር ቤት አግዳሚ ላይ ጠዋት ጠዋት ይቀመጣል። ይህንን የጻፍሁት ለወሬ ያህል ነው፤ ከሰንጢው ጋር እንዳታያይዢው።

ከሰላምታ ጋር
ክብሩ በለጠ
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለራሴ


ሼፊልድ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ክብሩ፤

የእግዚአብሔር ሰላም በእርስዎ፣ በእትዬ የሺሃረግ፣ በሚያማርረውም ጉልበትዎ ላይ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። ቀኑን ሙሉ በስለት ተከብቤ ብውልም እስካሁን የቆረጠኝ ካርቶን ብቻ ነው።

ሰንጢ መምረጥ እንደ ጫማ መምረጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ወደ ሱቃችን የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስለቱ እንዴት ነው?» ብሎ ነው። አለቃዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መልስ አይሰጡም፣ «ትናንት ምን ቆረጥክ?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ። «ነገ የሚቆርጠውን ብትጠይቂው ሰው ይዋሻል፤ ትናንት የቆረጠውን ግን ያስታውሳል» ይላሉ። ስለዚህ በሳቸው ሥርዓት እጠይቅዎታለሁ፤ ጋሼ፣ ትናንት ምን ቆረጡ?

እስኪመልሱልኝ ጥቂት ልንገርዎ። የማይዝግ ብረት ለሰነፍ ይመቻል። የሚዝገው ቶሎ ይሳላል፣ ግን ብርቱካን ልጠው ሳይጠርጉ ከዘጉት በማግስቱ ይጠቁራል። እጀታው ቀንድም እንጨትም ይሆናል፤ ለሮቤ ብርድ የብረት እጀታ አልመክርም። ርዝመቱን በተመለከተ እዚህ አገር ሕግ አለ። ታጥፎ የሚዘጋ፣ ስለቱ ከሦስት ኢንች የማይበልጥ፣ ሲከፈት የማይቆለፍ ከሆነ ማንም በኪሱ ይዞት ይዞራል። ከዚያ ካለፈ ፖሊስ «ለምንህ ነው?» ይላል። ሦስት ኢንች ማለት አመልካች ጣትዎን ያህል ነው። ለብርቱካን ከበቂ በላይ ነው።

ደጀኔ ያሉትን አላወቅኩትም። ለአንድ ፋይል ዘጠኝ ዓመት ግን አልበዛም?

ልጅዎ ረድኤት


ቁጥር፦ ክ/በ/02/17
ሮቤ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የቀረበውን የሰንጢ ዝርዝር መግለጫ ስለማሻሻል

ለልጄ ለረድኤት፤

እጅሽ ከስለት፣ ነፍስሽ ከክፉ ዓይን ይጠበቅ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አንብቤ ፋይል አድርጌዋለሁ።

ትናንት ምን ቆረጡ ላልሽው፣ ምንም። አለቃሽ ጥበበኛ ናቸው፣ ነገር ግን ጡረተኛ አይደሉም። በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ሳስብ ከቆየሁ በኋላ የሚከተለውን ማሻሻያ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስለቱ ሲከፈት ይቆለፍ፤ ብርቱካን ሲልጡ የሚታጠፍ ስለት ጣት ይበላል። ሁለተኛ፣ በአንድ እጅ ይከፈት፤ ሌላኛው እጅ ብርቱካኑን ይዟል። ሦስተኛ፣ ሲከፈት «ቀጭ» አይበል፣ ብርቱካኑ እንዳይደነግጥ። አራተኛ፣ አራት ኢንች ይሁን፤ የዘንድሮ ብርቱካን ትልልቅ ነው።

ደጀኔ እንደተቀመጠ ነው። በየቀኑ ከደጄ ስወጣ ከአግዳሚው ይነሳና ባርኔጣውን ያወልቃል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ ክብሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ልጆች ደኅና ናቸው?»

«ልጆች የሉንም፤ ታውቃለህ።»

«አዎ፣ አውቃለሁ።»

ይህችን «አውቃለሁ» ይዣት ገበያ እሄዳለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ። ሰድቦኝ ቢሆን ክስ እመሠርት ነበር። ዝቶብኝ ቢሆን ምስክር እቆጥር ነበር። ሰላምታን በየትኛው አንቀጽ ይከሷል? ባለፈው ሳምንት ጭራሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር መውጣት ጀምሬያለሁ፤ የጓሮው በር ግን ከጎረቤት ውሻ ጋር ያገናኛል፤ ከውሻውና ከሰላምታው ውሻውን መርጫለሁ።

በተሻሻለው መሠረት እንዲፈጸምልኝ አሳስባለሁ።

ክብሩ በለጠ
ግልባጭ፦ ለራሴ

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ረድኤትዬ፣ የሺሃረግ ነኝ። ፖስታውን አሽጊው ብሎ ሰጥቶኝ ነው። እዚህ ቤት ብርቱካን ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጥርሱ አይችልም፤ ያመዋል።


ሼፊልድ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ክብሩ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ዘግይቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የላኩልኝን ዝርዝር ለአለቃዬ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አነበብኩላቸው። የሚቆለፍ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ ድምፅ የሌለው፣ አራት ኢንች፣ ለብርቱካን። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «የዚህ ብርቱካን ስሙ ማነው?» አሉኝ።

እኔም ይኸው እጠይቅዎታለሁ፣ ጋሼ። ስሙ ማነው? እኔ እንደማውቀው እስር ቤት ቆይቶ የወጣን ሰው የሚፈራው እሱ የበደለው ሰው አይደለም፤ እሱን የበደለው ነው። እናቴን ብጠይቃት በችሎቱ ምስክር እንደነበሩ ነገረችኝ፤ እርስዎ የመሰከሩትን መስክረዋል፤ የፈረደው ዳኛ ነው። ታዲያ «እንደምን አደሩ» ያለ ሰው ለምን በውሻ በር ያስወጣዎታል? ይህን ሳይነግሩኝ እንኳን ሰንጢ መርፌ አልመርጥልዎትም።

ረድኤት


ቁጥር፦ ክ/በ/03/17
ሮቤ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ምስጢር (ከተነበበ በኋላ ይቃጠል)

ለልጄ ለረድኤት፤

አምላክ የቅርብ ሰው ከሚያይብሽ የሩቅ ሰው እንዲያይልሽ ያድርግ። ከሐኪምም ከንስሐ አባቴም ቀድመሽ ይህን የምትሰሚው አንቺ ነሽ፤ ሩቅ ስለሆንሽ ነው።

ነገሩ ከወንበር ይጀምራል። በ1998 ዓ.ም. አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ተሰጠኝ። ጠግኑልኝ ብዬ ባመለክት፣ ለእኩልነት ሲባል ሦስቱን እግሮች ቆርጠው ከተሰበረው ጋር አስተካከሏቸው። ጠረጴዛው አገጬ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የማይፈለጉ አሮጌ ፋይሎችን ወንበሩ ላይ ደርድሬ፣ ዝቅ ሲሉ ሌላ እየጨመርሁ፣ ጨርቅ አልብሼ እቀመጥባቸው ጀመር። ሥራዬን እንደ ሰው ቁጭ ብዬ የሠራሁት በወረቀት ላይ ነው።

በ2007 አንድ የቦታ ይዞታ ፋይል ጠፋ። ትልቅ ሰው የሚፈልገው ፋይል ነበር። ደጀኔ ጉቦ በልቶ አጠፋው ተባለ። ፍርድ ቤት ተጠርቼ «ፋይሉን መጨረሻ በማን እጅ አየኸው?» ብባል «በደጀኔ» አልሁ። እውነቴን ነበር። በእጁ አይቼዋለሁ፣ ለእኔ ሲያስረክብ። «ለእኔ ሲያስረክብ» የምትለዋን አልጨመርኋትም፤ አልተጠየቅሁም። ተቀብዬ የት እንዳኖርሁት ደግሞ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ረዳቴ መልሶ ወስዶት ይሆናል አልሁ ለራሴ። ለራሴ ስነግረው አሳማኝ ነበር።

በ2013 ጡረታ ወጣሁ። ሻይና ዳቦ ተደርጎ ተሸኘሁ። ወንበሩን ልሰናበት ጨርቁን ብገልጠው ከላይ አራተኛው ፋይል እሱ ነበር። ስድስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ፣ ረድኤት። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ምን አደረግህ ትይኝ ይሆናል። በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድሁት። አልጋዬ ሥር ነው። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሦስቱ ዓመት አለቀና ራሱ መጣ። አሁን የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ካላወቀ ለምን ከደጄ ፊት ይቀመጣል? ካወቀ ለምን ባርኔጣ ያወልቃል?

ሰንጢውን ባትልኪ አልቀየምሽም። ጎባ ገበያ አንጥረኛ የሠራው ክንድ የሚያህል ጩቤ አይቻለሁ። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው እንኳ አልጠየቀኝም። እንደ አንቺ አለቃ ያለ ጠያቂ በባሌ የለም።

ክብሩ በለጠ
ግልባጭ፦ የለውም


ሼፊልድ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ክብሩ፤

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ሰብሪና ትባላለች፤ እዚያው ሮቤ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች፣ ለሥልጠና መጥታ ነው የተዋወቅነው። ሰንጢውም ከሷ ጋር ነው።

ያንን የጎባ ጩቤ እንዳይገዙ ብዬ ነው የላክሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከሱቃችን ውስጥ ገሩን ፈልጌ አንድ ሳምንት ፈጀሁ። ስለቱ ሁለት ኢንች ተኩል ነው። ጫፉ ሹል አይደለም፣ እንደ በግ ኮቴ ደፈን ያለ ነው። የሚከፈተው በሁለት እጅ፣ ያውም በጥፍር ተጎትቶ ነው። አይቆለፍም። ሰው ልወጋ ብለው ቢገፉት ተመልሶ የሚዘጋው በራስዎ ጣት ላይ ነው፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ይህ ጦር መሣሪያ አይባልም፤ እንደ ማንኪያ ያለ ዕቃ ነው።

በምትኩ አንድ ነገር ይማሉልኝ። ፋይሉን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሽማግሌ ይሰብስቡ። ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቁት። ዘጠኝ ዓመት መመለስ አይቻልም፤ ስሙን መመለስ ግን ይቻላል። እምቢ ቢል እንኳ ቢያንስ በፊት በር ይወጣሉ።

ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ረድኤት


ሮቤ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ረድኤት፤

ለዚህ ደብዳቤ ቁጥር አልሰጠሁትም። የት ፋይል እንደሚገባ አላውቅም።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። ሐጂ ዘይነዲንን ሄጄ ለመንኋቸው፤ በዚህ አገር እሳቸው ያላስታረቁት ጠብ ገና ያልተጀመረው ነው። አቶ ጃለታንና መሪጌታ ተክለማርያምን ጨመሩ። ደጀኔን ለብቻው ጠርተው አነጋገሩት፤ «እመጣለሁ» ብሎ አንድ ቃል ብቻ መለሰ። እሑድ ከሰዓት በሐጂ ግቢ፣ ከጥዱ ሥር ተሰበሰብን። ፋይሉን በጋቢ እንደጠቀለልሁ ይዤ ሄድሁ። ሰንጢሽም በደረት ኪሴ ነበረች። ከመጣች ጀምሮ ከኪሴ አልተለየችም፤ ቤተ ክርስቲያንም አብረን ነው የምንስመው።

ሐጂ ሥርዓቱን ጀመሩ። የእርቅ ቦታ ላይ ብረት አይገባም፣ ታውቂያለሽ። «ሲቢላ ያለው ያውጣ» አሉ፤ ብረት ማለታቸው ነው። መሪጌታ ቁልፋቸውንና የጥፍር መቁረጫቸውን ሣሩ ላይ አኖሩ። አቶ ጃለታ የቀበቶው ዘለበት ብረት ነው ብሎ ፈታና ሱሪውን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። ሐጂ ራሳቸው ምላጭ ከቆባቸው ሥር አወጡ፤ ምን ሊያደርጉበት እንደያዙት የጠየቃቸው የለም። ደጀኔ ሁለቱን ኪሶቹን ገልብጦ አሳየ። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ብቻ ነበር።

«ኦቦ ክብሩ፣ አንተስ? ሲቢላ?» አሉኝ ሐጂ።

«የለኝም» አልሁ።

አልዋሸሁም፣ ረድኤት። በልቤ ሕጉን አገላበጥሁት። ሦስት ኢንች አይሞላም፣ ሲከፈት አይቆለፍም፣ ጫፉ ደፈን ያለ ነው፤ ዕቃ ነው እንጂ ብረት አይደለም። ደብዳቤሽ በፋይሌ አለ። በሼፊልድ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበርሁ።

ከዚያ ፋይሉን ፈትቼ ሁሉን ተናገርሁ። ደጀኔ ጎንበስ ብሎ ፋይሉን አየና፣

«ወንበር ላይ?» አለ።

«ወንበር ላይ።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ አራተኛ።»

«አራተኛ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያልቅስ ይሳቅ አላወቅሁም።

ሐጂ ድንጋይ አስመጡ፤ ለጉልበቴ አዝነው ትንሹን መረጡልኝ። ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ እግሩ ሥር ጎንበስ አልሁ። ሥርዓቱ እንደምታውቂው ነው፣ ድንጋዩን ከተበደለው በቀር ማንም አያወርደውም። «በድያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር» አልሁ። ተነሣ። ሁለት እጁን ዘረጋ። ድንጋዩን ያዘው፤ ክብደቱ ከማጅራቴ ሲነሣ ተሰምቶኛል።

ያን ጊዜ ሰንጢሽ ከደረት ኪሴ ሾልካ ወደቀች። የወደቀችው ጫማው ላይ ነው። ጫማው ሸራ ስለሆነ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ግን ሁሉም አየ።

ደጀኔ እጆቹን ሰበሰበ። ድንጋዩ ተመልሶ ማጅራቴ ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ሰንጢዋን አነሣ፤ በጥፍሩ ጎትቶ ከፈታት፣ በአውራ ጣቱ ስለቷን ዳበሳት፣ ቀስ ብሎ ዘጋት።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ለእኔ ነው?»

«ለብርቱካን ነው» አልሁ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ሰንጢዋን ከድንጋዩ ላይ፣ ማጅራቴ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

ሐጂ ዘይነዲን ምላጫቸውን ወደ ቆባቸው እየመለሱ «ይቅርታን በአንድ ኪስ፣ ስለትን በሌላ ኪስ ይዞ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። «እኔ ያየሁት ሁለቱን በአንድ ኪስ ነው» አለ አቶ ጃለታ ሱሪውን እያሰረ። ፋይሉን ሐጂ ወሰዱት፤ እርቁ እስኪፈጸም ከእሳቸው ጋር ይቆያል። ድንጋዩን ግን ማን ያውርድልኝ? ተሸክሜው እስከ አስፋልቱ ወጣሁ። ባጃጅ አስቆምሁ። ሾፌሩ አይቶኝ «አባባ፣ ድንጋዩ ለብቻው ይከፍላል?» አለ። ደጄ ስደርስ የሺሃረግ እጇን ዘርግታ መጣች፤ «አትንኪው!» ብዬ ጮህሁባት። ከዚያ ራሴ ጣልሁት። ይህ ከሰንጢውም የባሰ ነው አሉኝ ሽማግሌዎቹ በኋላ።

አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አግዳሚው ባዶ ነው። ሰላምታው ሲያስፈራኝ የነበረ ሰው አሁን ዝምታውን በምን ልቻል? አንድ ሰው ከኋላዬ ጫማውን በጎተተ ቁጥር እጄ ኪሴ ይገባል። የላክሽው አይበቃም። ያንን የሚቆለፈውን ላኪልኝ።

ክብሩ


ሼፊልድ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ክብሩ፤

ሰንጢውን ቤት ትተው ይሂዱ ማለትን እንዴት ረሳሁ? ደብዳቤዬን ደግሜ አነበብኩት፤ የለም። ስለ ብረቱ፣ ስለ ጫፉ፣ ስለ ሕጉ ሁሉ ጽፌ ይህችን አልጻፍኳትም።

የሚቆለፍ አልልክም። የላክሁትንም ዛሬውኑ ለእትዬ የሺሃረግ ይስጧት፣ ሽንኩርት ትክተፍበት። ወደ ሐጂ ይመለሱ፣ በባዶ እጅ፣ ከፈለጉ በባዶ እግር። መልስዎን በስልክም ቢሆን፣ በሰብሪናም በኩል ቢሆን ይላኩልኝ። ሰብሪና ደጅዎን አንኳኩታ የከፈተላት እንደሌለ ጻፈችልኝ። መጋረጃው ግን ተንቀሳቅሷል አለች።

ረድኤት


ሮቤ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ረድኤት ፍቅረሥላሴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። አታውቂኝም፤ ደጀኔ እባላለሁ። አድራሻሽን የሰጡኝ እትዬ የሺሃረግ ናቸው። «ክፉ እንደማታስብ አንተው ራስህ ጻፍላት፣ እሱ የሚሰማው እሷን ነው» ብለው ገበያ መካከል እጄን ይዘው ለመኑኝ። እሺ ብዬ ጀመርኩ።

ስለ አግዳሚው ልንገርሽ። ጤቤ ፀጉር ቤቱ ባዶ እንዳይመስልበት ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ መስዬ እንድቀመጥለት ምሳ ያበላኝ ነበር። ከእስር ከወጣሁ ወዲህ ያገኘሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። ፀጉሬን ያየ ሰው እስካሁን ተራዬ እንዳልደረሰ ያምናል። ለጋሼ የምነሣላቸው ደግሞ ከሮቤ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። ሌላው መንገድ ይሻገራል። ስለ ልጆች የጠየቅኳቸውም ሰላምታው ቶሎ እንዳያልቅብኝ ነው።

ፋይሉን አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔው አንድ ቦታ ጥዬው ይሆናል እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ጋሼ ስለ ወንበሩ ሲናገሩ ሳቅ ነው የያዘኝ፤ እውነቴን ነው፣ እኅቴ። የቀለለኝ መሰለኝ። ድንጋዩን ላወርድላቸው ነበር። ጋሼ «ለብርቱካን ነው» ሲሉም አምኛቸው ነበር ማለት እችላለሁ። ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ያለ ውሸት አይፈጥርም። ትቼ የሄድኩት፣ አግዳሚውንም የተውኩት፣ ሐጂን «የለኝም» ብለው ስለት ይዘው ስለመጡ ነው።

ሐጂ ሦስት ጊዜ አስጠሩን። ጋሼ አልመጡም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ እትዬ እንዳሉኝ። የሚቀጥለውን ዛሬ ጨመርኩ።

ትናንት በእህል ተራ በኩል ተገናኘን። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ሱቅ ውስጥ እንኳ ዕቃ የሚቀበሉት በግራቸው ነው። ልለፋቸው ብዬ ነበር። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰላም ልበላቸውና ይብቃ አልኩ። ባርኔጣዬን ላወልቅ እጄን አነሣሁ። እሳቸውም እጃቸውን አወጡ። ተከፍቷል፤ ኪሳቸው ውስጥ ከፍተው ነው የሚይዙት። ጣታቸው ተቆርጦ ደሙ እጅጌያቸው ላይ ነበር፣ እሳቸው አላዩትም። በመካከላችን የጋሪ ፈረስ አለፈ። ጋሪው ሲያልፍ ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድን፣ ጀርባ መስጠት ፈርተን።

ባለጋሪው ማንን እንዳተረፈ እኔም አላወቅኩም።

ቤት ገብቼ እጄን አየሁት። ባርኔጣዬን ለማውለቅ ያነሣሁት እጅ ነው፤ እሳቸው ያዩት ግን ሌላ እጅ ነው። ነገም የሚያዩት ያንኑ ነው። እኔ እስር ቤት ውስጥ ስለት ሳልይዝ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ሮቤ ላይ ግን ከትናንት ወዲህ ከቤት ስወጣ ኪሴ ባዶ መሆኑ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ለእኔም አንድ ምረጪልኝ። ለማንም ክፉ አላስብም፤ ይህን ለጋሼም ጻፊላቸው። የእሳቸውን ርዝመት አንቺ ታውቂዋለሽ። ከእሳቸው እንዳይበልጥ። እንዳያንስም።

አክባሪሽ
ደጀኔ